ከ6 ጨዋታ 5ቱን ለተሸነፈ የጅማ ተጫዋች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከዚሁ ከጅማ ነው። ጠያቂያችን እንዲህ ይላሉ፦ «አራት ጓደኛሞች ነን፤ እሁድ እሁድ እየተሰበሰብን ኪንግስ ኦፍ ዎር የተባለውን የምናባዊ ዓለም የጦርነት ጨዋታ እንጫወታለን። ጓዶቻችን፣ ማለትም አንድ ላይ የሚንቀሳቀሱት የተዋጊ ቡድኖች፣ ለጊዜው ከካርቶን የተቆረጡ ናቸው። እኔ የሰዎችን መንግሥት መርጬ የ2000 ነጥብ ሠራዊት አዘጋጀሁ፤ በክንፋም አውሬ ላይ የተቀመጠ የጦር መሪ፣ ሦስት የፈረሰኛ ጓዶች፣ ሁለት ትልልቅ የባለጦር እግረኛ ጓዶች፣ አንድ የቀስተኛ ጓድና አንድ አስማተኛ አለኝ። 6 ጊዜ ተጫውቼ 5 ጊዜ ተሸነፍሁ። ደካማው ሠራዊቱ ነው ወይስ ዳይሱ ነው የጠመመብኝ? የተዋጊዎቹን ትንንሽ ቅርጾችስ አሁን ላሠራ ወይስ ልቆይ?»

ስለ ጥያቄዎ ጥራት አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው ከሽንፈት በኋላ የሚጠይቀው «የትኛው ሠራዊት ይበልጣል?» ብሎ ነው፤ እርስዎ ግን ምክንያቱን ለይተው ለማወቅ ፈልገዋል። እኔ በሙያዬ የስታትስቲክስ መምህር ስለሆንሁና ይህን ጨዋታ ለብዙ ዓመታት ስለተጫወትሁ፣ ከዳይሱ ልጀምር።

እኩል ችሎታና እኩል ሠራዊት ያላቸው ሁለት ተጫዋቾች 6 ጊዜ ገጠሙ እንበል፤ አቻ መውጣትንም ለጊዜው እንተወው። ከሁለቱ አንደኛው፣ ለምሳሌ እርስዎ፣ ቢበዛ አንድ ጊዜ ብቻ የማሸነፍዎ ዕድል ከ64 ውስጥ 7 ነው፤ 11 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ይህ የሚያስገርም አጋጣሚ አይደለም። አራት ሰዎች በየሳምንቱ በሚጫወቱበት ቤት ውስጥ ዓመት ሳይሞላ አንዱ ላይ መድረሱ የሚጠበቅ ነው። ነገሩን ወደ 20 ጨዋታ ብናሳድገው እንኳ ችግሩ አይፈታም፤ ፍጹም እኩል የሆነ ተጫዋች ከ20 ጨዋታ ከ6 እስከ 14 ያለውን ማንኛውንም ቁጥር ቢያሸንፍ ከተራ ዕድል ያልወጣ ነገር ነው። እሁድ እሁድ አንድ ጨዋታ ለሚጫወት ሰው 20 ጨዋታ አምስት ወር ይፈጃል፤ ከአምስት ወር በኋላም የሚያገኙት መልስ ያው የደበዘዘ ይሆናል። ስለዚህ ያሸነፉትንና የተሸነፉትን መቁጠር ሠራዊትን ለመመዘን እጅግ ሸካራ ሚዛን ነው። ሠራዊት የሚመዘነው ጓድ በጓድ ነው፤ እያንዳንዱ ጓድ የተሰጠው ሥራ ምን እንደነበረና ያንን ሥራ መሥራት አለመሥራቱን በማየት። ይህ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ስምንትና አሥር ጊዜ የሚታይ ነገር ስለሆነ በአራት ጨዋታ ብቻ ብዙ ያስተምራል።

እዚህ ላይ የአባቶቻችን የጦር አሰላለፍ ለእኛ የቀረበ መማሪያ ነው። ፊታውራሪ፣ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች የሚሉት ማዕረጎች ከክብር ስም በፊት የሥራ ስሞች ነበሩ፤ ከፊት የሚመራ፣ ቀኙን የሚያዘምት፣ ግራውን የሚያዘምት ማለት ናቸው። ከኋላም ደጀን አለ። አንድ ሠራዊት ሲደራጅ «ስንት ሰው አለኝ?» ከሚለው ጥያቄ እኩል «ማን የት ቆሞ ምን ይሠራል?» የሚለው መመለስ ነበረበት። እርስዎም ዝርዝርዎን በወረቀት ላይ ያስፍሩና በእያንዳንዱ ጓድ ስም ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ይህ ጓድ መካከሉን ይይዛል፤ እስከ አራተኛው ዙር እንዳይፈታ እፈልጋለሁ።» «ይህ ጓድ የጠላትን ከባድ ጓድ ለአንድ ዙር ያዘገያል፤ ከዚያ በኋላ ቢጠፋ አልቆጭም።» ዓረፍተ ነገሩ አልመጣ ካለዎት ጓዱ በሠራዊቱ ውስጥ የገባው ስለሚያምር ነው ማለት ነው።

እኔ ከላኩልኝ ዝርዝር ተነሥቼ ይህንን ስሞክር ያገኘሁት ይህ ነው። ሦስቱ ፈረሰኞችና ክንፋሙ አውሬ አራቱም አንድ ዓይነት ሥራ አላቸው፤ ተንደርድሮ ገብቶ መስበር። ሁለቱ ትልልቅ የእግረኛ ጓዶች መካከሉን ይይዛሉ። ቀስተኞቹና አስማተኛው ከኋላ ሆነው ያግዛሉ። የሚያዘገይ የለም። ደጀን የለም። ሰባሪ አራት ሆኖ፣ ጠላትን ለሰባሪው አመቻችቶ የሚያቆም አንድም ጓድ የለም።

ይህ ለምን እንደሚጎዳ ለማየት ወደ ጨዋታው ሕግ ጠጋ እንበል። በዚህ ጨዋታ መንደርደር በዳይስ አይወሰንም፤ አንድ ጓድ ከፍጥነቱ እጥፍ የሆነ ርቀት ተንደርድሮ ይገባል። ፍጥነቱ 5 የሆነ እግረኛ 10 ኢንች፣ ፍጥነቱ 8 የሆነ ፈረሰኛ 16 ኢንች ይገባል። ርቀቱንም አስቀድሞ መለካት ይፈቀዳል። እንግዲህ ከ10 ኢንች እስከ 16 ኢንች ያለው መሬት የፈረሰኛዎ ርስት ነው፤ እዚያ ውስጥ የቆመን እግረኛ እርስዎ ሊያጠቁት ሲችሉ እሱ ሊያጠቃዎ አይችልም። ጓደኞችዎ ግን ይህን ያውቃሉ። ርካሽ የሆነ ትንሽ ጓድ ወደፊት ገፋ አድርገው ያቆማሉ፤ ፈረሰኛዎ እሱን ከመታ ከወዲያ ማዶ ካለው ከባድ ጓድ ፊት ይጋለጣል፤ ካልመታው ደግሞ መንገዱ ተዘግቶበት ይቆማል። ሁለቱም ምርጫ የእነርሱ ነው። እርስዎ ይህን የሚመልስ ትንሽ ጓድ ስለሌለዎት ጦርነቱ የሚጀመርበትን ሰዓት ሁልጊዜ ሌላው ይወስናል።

ሁለተኛው ጉዳት ገና ጨዋታው ሳይጀመር የሚደርስ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይታይም። ጓዶች በጠረጴዛው ላይ የሚሰፍሩት ሁለቱ ተጫዋቾች እየተፈራረቁ አንድ አንድ በማስቀመጥ ነው። እርስዎ 8 ጓድ አለዎት፤ በተቃራኒዎ የተሰለፈው 13 ወይም 14 ካለው፣ እርስዎ አውሬውንና ፈረሰኞቹን ጨርሰው ሲያስቀምጡ እሱ ገና አምስትና ስድስት ጓድ በእጁ ይዞ ይቀራል። ምርጥ ጓዶቹን የእርስዎን ሁሉ ካየ በኋላ ያሰፍራቸዋል። ከ6ቱ ጨዋታዎች በስንቱ ክንፋሙ አውሬ ፊት ለፊቱ የማይመቸው ጓድ ቆሞ እንዳገኘው መለስ ብለው ያስታውሱ።

አሁን ደግሞ የሠራዊት ግንባታ ዋና ምሥጢር ነው ወደምለው ስሌት ልምጣ። አንድ ጓድ በጎን ሲመታ የአጥቂው ምት እጥፍ ይሆናል፤ በጀርባ ሲመታ ሦስት እጥፍ። ይህን ሁሉም ተጫዋች በቃሉ ያውቀዋል፤ ውጤቱን ግን አስልቶ ያየው ጥቂት ሰው ነው። ለምሳሌ 12 ምት ያለውና (12 ዳይስ የሚጥልና) በ4 የሚመታ፣ ማለትም ዳይሱ 4 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ምቱ የሚያርፍለት ጓድ፣ መከላከያው 4 (ያረፈው ምት የሚጎዳው ዳይሱ እንደገና 4 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን) ጽናቱ 13/15 የሆነን ጓድ ከፊት ቢገጥም በአማካይ 6 ምት ያርፋል፤ ከእነርሱም 3ቱ ይጎዳሉ። ከዚያ ሁለት ዳይስ ተጥሎ ድምሩ ከጉዳቱ ጋር ይደመራል፤ 13 ከደረሰ ጓዱ ይወላውላል፣ 15 ከደረሰ ይፈታል፤ ከጠረጴዛው ይነሣል ማለት ነው። በ3 ጉዳት ጓዱ እንዲፈታ ዳይሱ 12 መስጠት አለበት፤ ይህም ከ36 አንዱ ብቻ ነው፤ 3 በመቶ ያህል። ያው ጓድ በጎን ቢገባ ጉዳቱ በአማካይ 6 ይሆናል፤ ለመፍታት 9 ወይም ከዚያ በላይ ይበቃል፤ 28 በመቶ። በጀርባ ቢገባ ጉዳቱ 9፣ የሚያስፈልገው 6 ወይም ከዚያ በላይ፣ ዕድሉ 72 በመቶ። ከ3 ወደ 28 ወደ 72 መሄዱን ልብ ይበሉ። ነጥብ ከፍሎ የሚገዛ የትኛውም የተሻለ መሣሪያ ወይም አስማታዊ ዕቃ ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም። ተራ እግረኛ በጠላት ጎን ላይ ሲገኝ፣ ከፊት ከሚገጥም ውድ ፈረሰኛ የበለጠ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ሠራዊት ስንገነባ «የማን ምት ይበረታል?» ከማለት ይልቅ «የማን ጓድ የጠላትን ጎን ያስከፍትልኛል?» ብለን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ይህን በዓይኔ ያየሁበት ጨዋታ አለ። ጅሬን አካባቢ ባለ ወዳጄ ቤት በረንዳ ላይ ሁለት የመመገቢያ ጠረጴዛ አጋጥመን፣ ከጨርቁ ሥር መጻሕፍት ከምረን ኮረብታ ሠርተን ተሰለፍን። የእኔ ትልቅ ባለጦር ጓድ 200 ሚሊ ሜትር ፊት ይዞ መካከል ላይ ቆሟል። የወዳጄን አውሬ ፊት ለፊት ለመቀበል ብዬ ጓዱን በመካከሉ ዙሪያ በጥቂቱ አዞርሁት፤ ጫፉ የተንቀሳቀሰው አንድ ጣት ያህል ነው፤ ወደ 10 ዲግሪ። የጎን ክልል የሚጀምረው ከጓዱ ማዕዘን በሚነሣ የ45 ዲግሪ መስመር ስለሆነ፣ ያ አንድ ጣት በ16 ኢንች ርቀት ላይ ወደ 3 ኢንች የሚጠጋ መሬት ሆነ። ከኮረብታው ወዲያ የቆመ አንድ ትንሽ የፈረሰኛ ጓድ ነበር። የፊቱ መካከለኛ ነጥብ ከመዞሬ በፊት በፊት ክልሌ ውስጥ ነበረ፤ ከዞርሁ በኋላ በጎኔ ውስጥ ገባ። ወዳጄ ሜትሩን ዘርግቶ ሁለት ጊዜ ለካ፤ ምንም አልተናገረም። ጓዱ በዚያው ዙር ተፈታ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ጓድ ከማዞሬ በፊት ከማዕዘኑ ላይ ክር ዘርግቼ አያለሁ፤ እርስዎም እንዲህ እንዲያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ።

ፈረሰኞችዎን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ከጓደኞችዎ አንዱም እንደ እርስዎ ባለጦር እግረኛ ያሰልፍ እንደሆነ ይመልከቱ። ፈረሰኛ በመንደርደሩ የሚያገኘው ተጨማሪ ኃይል፣ ጦሩን አሹሎ የሚጠብቅን ጓድ ከፊት ሲገጥም ይሰረዛል። 16 ምት ያለውና በ3 የሚመታ ፈረሰኛ በአማካይ ወደ 11 ምት ያሳርፋል፤ በመንደርደር ኃይል በ2 የሚጎዳ ከሆነ 9 ያህል ጉዳት ያደርሳል። ያ ኃይል ተሰርዞ በ4 ብቻ የሚጎዳ ሲሆን ግን ጉዳቱ ወደ 5 ይወርዳል። ጠላት ሳይፈታ ይቀራል፤ በራሱ ተራ ከሁለት ወገን ይመልስብዎታል። «ፈረሰኛዬ ሁልጊዜ ዳይስ ይከዳዋል» የሚሉ ተጫዋቾችን ስሰማ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ይህንን ነው።

ስለዚህ ከዝርዝርዎ ላይ እንዲቀይሩ የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሦስቱ ፈረሰኞች አንዱን ያውጡና በሚተርፈው ነጥብ ሁለት ርካሽና ትንንሽ ጓዶችን ያስገቡ፤ ቢቻል አንዱ ፈጣን ይሁን። በሕጉ መሠረት ትንንሽ ጓዶችን የማስገባት መብት የሚሰጡት ትልልቆቹ ጓዶች ናቸው፤ ሁለቱ የእግረኛ ጓዶችዎ ለዚህ ከበቂ በላይ ናቸው። እንዲህ ሲሆን 9 ጓድ ይኖርዎታል፤ ከእነርሱም ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ሆነው የሚሰፍሩ ስለሆነ አውሬው ከቀድሞው ዘግይቶ ይወጣል። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ይተዉት። አውሬውን፣ አስማተኛውንና ፈረሰኛውን በአንድ ሳምንት ከቀየሩ በሚቀጥለው እሁድ ቢያሸንፉም የትኛው እንደጠቀመዎ አያውቁም።

አሁን ወደ ፍተሻው። ከሁሉ በፊት አንድ ጊዜ ከጓደኛዎ ጋር ሠራዊት ይለዋወጡ። እሱ በእርስዎ፣ እርስዎ በእሱ ይጫወቱ። ይህ ከማንኛውም ስሌት ይልቅ ብዙ ነገር ይገልጣል፤ ሌላ ሰው የእርስዎን አውሬ ሲይዘው የት እንደሚያቆመው፣ ስንት ዙር ከኋላ ደብቆ እንደሚያቆየው ያያሉ። ከእሱ ሠራዊት ጋር ሲገጥሙ የሚያስጨንቅዎት የመሰለዎት ጓድም በራስዎ እጅ ሲገባ ድክመቱ ወለል ብሎ ይታይዎታል። ብዙ ተጫዋቾች የራሳቸውን ሠራዊት ለሌላ ሰው መስጠት ይከብዳቸዋል፤ ለአንድ ከሰዓት ብቻ ይታገሡት።

ቀጥሎ ሙሉውን ጨዋታ ደጋግሞ ከመጫወት ይልቅ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ብቻ ደጋግመው ይጫወቱ። የተለመደው ጨዋታ 6 ዙር አለው፤ አንዳንዴም ሰባተኛ ይጨመራል፤ ነገር ግን ውጤቱን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ አሰፋፈሩና የመጀመሪያው ግጭት ነው። ያንኑ ኮረብታና ያንኑ ጫካ ሳይነኩ፣ ያንኑ ግዳጅ (የጨዋታውን ግብ) ይዘው፣ ሦስት ዙር ተጫውተው ያቁሙ፤ ከዚያ ወደ መነሻው መልሰው ሌላ አሰፋፈር ይሞክሩ። ሙሉ ጨዋታ አንዴ በሚያልቅበት ጊዜ ይህንን ሦስት ጊዜ ማድረግ ይቻላል። እዚህ ላይ ዳይሱን ከመንገድ ማስወጣት ከፈለጉ በመጀመሪያው ሙከራ ዳይስ አይጣሉ፤ አማካዩን ጉዳት ብቻ ይመዝግቡ። ዳይስ የሌለው ጨዋታ እውነተኛውን ጨዋታ አይተካም፤ ግን አሰላለፉ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ያሳያል።

በደብተርዎ ላይ በእያንዳንዱ ጓድ ስም ሥር ሦስት ነገር ይጻፉ፤ ሥራውን ሠራ ወይስ አልሠራም፣ በስንተኛው ዙር መጀመሪያ ጠቃሚ ነገር አደረገ፣ ምን አጠፋው። የዳይስ ነገር ሲያጋጥም ደግሞ ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቀ ከጎኑ ያስፍሩ፤ «9 ይጠበቅ ነበር፣ 4 ወጣ» ብለው። አራት ጨዋታ ሲሞላ ገጾቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ያንብቡ። አንድ ጓድ በአራቱም ጨዋታ «አልሠራም» ከተባለና ዳይሱ በአማካዩ አካባቢ ከነበረ፣ ጥፋቱ የጓዱ ወይም የተሰጠው ሥራ ነው። ዳይሱ ሁለት ጊዜ ርቆ ከወደቀ ገና ፍርድ አይስጡ።

ጊዜም የፍተሻው አካል ነው። በዚህ ጨዋታ ተራው የደረሰው ተጫዋች ብቻ ስለሚያንቀሳቅስና ስለሚያጠቃ በቼዝ ሰዓት መጫወት ይመቻል። በስልክ ላይ ያለው ሰዓትም ይበቃል። ባለብዙ ጓድ ሠራዊት ጊዜ ይበላል፤ አምስተኛው ዙር ላይ ሳይደርሱ ሰዓት ካለቀብዎ ያም የሠራዊቱ ድክመት ሆኖ መመዝገብ አለበት።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለ ቅርጾቹ ነው። ይቆዩ። በዚህ ጨዋታ ከአንድ ጓድ ተዋጊዎች በተናጠል አይነሡም፤ ጉዳቱ በጓዱ ላይ ይመዘገባል እንጂ። ስለዚህ አንድ ጓድ በትክክለኛው ልክ የተቆረጠ አንድ እንጨት ቢሆን ጨዋታው አንዳች አይጎድልበትም። በ1824 እ.ኤ.አ. በፕሩሲያ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ የተዘጋጀው የራይስቪትስ የጦርነት ጨዋታም በካርታ ላይ ጓዶችን የሚያሳየው በትንንሽ ብሎኮች ነበር። የእርስዎ ካርቶን ግን ክረምት ሲገባ ይለምጣል፤ ጫፉ የተነሣ ጓድ ርቀትን አያስለካም። ጅማ ለእንጨት ሥራ ሰው አትቸገርም። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከሚጠርብ ባለሙያ ዘንድ የዋንዛ ቁራጭ ይለምኑ፤ ለ20 ተዋጊ እግረኛ ጓድ 100 በ80 ሚሊ ሜትር፣ ለ40 ተዋጊ ጓድ 200 በ80 ሚሊ ሜትር አድርጎ እንዲቆርጥልዎ ያድርጉ። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑን በማዕዘን መለኪያ ያረጋግጡ፤ የጎን ክልል የሚለካው ከዚያ ነውና።

ስለ ልክ ይህን ያህል የምናገረው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት ቅርጾችን በሦስት አውታር ማተሚያ (3D ፕሪንተር) ለሚሠራ አንድ ቤት 40 እግረኛ አዘዝሁ፤ መቆሚያቸው 20 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 25 ሆኖ መጣ። አምስቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ 100 መሆኑ ቀርቶ 125 ሚሊ ሜትር ሆኑ። 25 ሚሊ ሜትር ኦርክ የተባለው የምናባዊ ዓለም ፍጡር መቆሚያ ልክ ነው እንጂ የሰው አይደለም። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ቅርጾቹም ያምሩ ነበር፤ ግን ከመቆሚያቸው በመጋዝ ነቅዬ እንደገና እስክሰካቸው ድረስ ሁለት ወር ሳልጫወትባቸው ተቀመጡ። እርስዎ ሲያዝዙ አንድ ቅርጽ ብቻ አስቀድመው ያሠሩና በሜትር ይለኩ።

ቀለም የመቀባቱ ሥራ ከሰኔ እስከ መስከረም ባይሆን ይመረጣል። እርጥበት በበዛበት አየር የሚነፋ የመጨረሻ ቫርኒሽ ነጭ ጉም ለብሶ ይደርቃል፤ የለፉበትን ቀለም ያበላሻል። መሬት ለማስመሰል ከጀበና የተረፈ የቡና አተላ ከሙጫ ጋር ግሩም አፈር ይወጣዋል፤ ግን በፀሐይ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ተሰጥቶ ድርቅ ካላለ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል።

ማሠራት ሲጀምሩ በሁለቱ የባለጦር እግረኛ ጓዶች ይጀምሩ፤ ዝርዝሩ እንዴትም ቢቀየር እነርሱ አይወጡምና። ቀጥሎ ሁለቱ ትንንሽ ጓዶች ይምጡ። ክንፋሙ አውሬ ከሁሉም የሚያጓጓው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ደብተርዎ ላይ በአራት ጨዋታ ቢያንስ ሦስት ጊዜ «ሥራውን ሠራ» ተብሎ እስኪጻፍለት ድረስ በዋንዛ ቁራጭ ላይ ስሙ ብቻ ተጽፎ ይዋጋ።